ሐምራዊው ስንዴ
የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወትና ሥራ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ ሠፈር፣ ከእህል መደብርና ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጆንያዎቹን በጥሞና ለሚመለከት ሰው፣ የእህል ቀለም ተራ ነገር አለመሆኑ ወዲያው ይገለጽለታል። ነጭ ጤፍ ከቀይ ጤፍ፣ ቀዩም ከሠርገኛው ተለይቶ በየፊናው ይቀመጣል፤ ዋጋውም እንደ ቀለሙ ይለያያል። የገብሱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ነጩ ለእንጀራና ለበሶ ሲመረጥ ጥቁሩ ለጠላ ይታጫል። ነጋዴው፣ ባለወፍጮውና የቤት እመቤቷ ይህን ልዩነት በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ዘግነው ያውቁታል። ቀለሙ ከእናት ተክል ወደ ልጅ ተክል የሚተላለፈው በምን ሥርዓት እንደሆነ፣ አንድ ዓይነት ቀለምም በልዩ ልዩ የእህል ዘሮች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስለምን እንደሆነ መጠየቅ ግን የሳይንስ ድርሻ ነው። ይህን ጥያቄ አንግቦ ዓለምን የዞረ፣ የኢትዮጵያንም ደጋ በበቅሎ ያቋረጠ አንድ ሩሲያዊ ሊቅ ነበር። ስሙ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የነጋዴው ልጅ

ቫቪሎቭ የተወለደው በኅዳር ወር 1887 በሞስኮ ከተማ ነው። አባቱ ኢቫን ኢሊች ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ሲሆን፣ ልጁም የእርሱን ሙያ እንዲይዝለት ይመኝ ስለነበር የንግድ ትምህርት ቤት አስገባው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወንዶች ልጆቹ ወደ ሳይንስ አዘነበሉ። ታናሹ ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ፣ በኋላ ዘመን የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሷል። ኒኮላይ ግን ልቡ ከእርሻ ላይ አረፈ፤ በ1906 ወደ ሞስኮ የእርሻ ኢንስቲትዩት ገብቶ በታዋቂው መምህር በዲሚትሪ ፕሪያኒሽኒኮቭ ሥር ተማረ። የመመረቂያ ጥናቱም ሰብል የሚያጠፉ፣ ዛጎል የሌላቸው ቀንድ አውጣዎችን የሚመለከት ነበር። ሩሲያ በየጊዜው በረሃብ የምትመታ አገር ነበረችና፣ ለዚያ ትውልድ ወጣት የእርሻ ሳይንስ ማለት ሕዝብን ከጠኔ የመታደግ ሙያ ማለት ነበር። ቫቪሎቭ ይህን እምነት እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት አልተወውም።

በ1913 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዘ። በዚያ ዘመን ለንደን አጠገብ በሚገኘው በጆን ኢነስ የምርምር ተቋም የሚሠራው ዊልያም ቤትሰን፣ የግሬጎር ሜንዴልን ግኝት ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች ያስተዋወቀና ለአዲሱ የውርስ ሳይንስ ጄኔቲክስ የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ነበር። የሜንዴል ሥራ በ1866 ታትሞ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሳይነበብ ከቆየ በኋላ በ1900 እንደገና ተገኝቶ፣ የሳይንሱን ዓለም እያነጋገረ ነበር። የዚህ ሳይንስ የመጀመሪያ ፊደሎች ቀለሞች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። ሜንዴል ቢጫና አረንጓዴ አተር አዳቅሎ ሲቆጥር፣ ቤትሰንና ባልደረቦቹም የዶሮን ላባና የጌጥ አተርን አበባ ቀለም ይከታተሉ ነበር። ቀለም በዓይን ስለሚታይና በቁጥር ስለሚቆጠር፣ በሕያው ነገር ውስጥ ተሰውሮ ለሚኖረው ሥርዓት መስኮት ሆኖ አገለገለ።

ከቤትሰን ሙከራዎች መካከል አንዱ በተለይ የሚያስደንቅ ነው። ሁለት ነጭ አበባ ያላቸው የጌጥ አተሮች ሲዳቀሉ፣ ልጆቻቸው በሙሉ ሐምራዊ አበባ ይዘው ብቅ አሉ። እነዚህ ልጆች ደግሞ እርስ በርስ ሲራቡ፣ ከ16 የልጅ ልጆች 9ኙ ሐምራዊ፣ 7ቱ ነጭ ወደሚሆኑበት መጠን ያዘነብሉ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ሐምራዊው ቀለም እንዲወጣ ሁለት ልዩ ልዩ ዘረመሎች ተባብረው መገኘት እንዳለባቸውና፣ ከሁለቱ ወላጆች እያንዳንዳቸው አንዱን ብቻ ይዘው እንደነበር ታወቀ። ቫቪሎቭ የውርስን ሳይንስ የቀሰመው ከዚህ ዓይነቱ ማዕድ ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1916ም ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች የመጀመሪያውን ታላቅ የዘር ፍለጋ ጉዞውን አደረገ።

የተመሳሳይ ተርታዎች ሕግ

በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ የመምህርነት ሥራ ያዘ። በሰኔ ወር 1920 በዚችው ከተማ በተደረገው የአገሪቱ የዘር አዳቃዮች ጉባዔ ላይ ስሙን ያስጠራውን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት የምትታመስበት፣ ጉባዔተኛው ራሱ እንጀራ የተቸገረበት ዘመን ነበር።

ሐሳቡ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። በዝምድና የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚያሳዩት የጠባይ ልዩነትም ተቀራራቢና ተመሳሳይ ተርታ ያለው ይሆናል። ስንዴ ቀይና ነጭ ፍሬ፣ ጢም ያለውና ጢም የሌለው ዛላ ካለው፣ የስንዴ ዘመድ የሆነው አጃም ተመሳሳዩን ልዩነት ሊያሳይ ይገባል። በመሆኑም በአንዱ ዝርያ የታየ፣ በዘመዱ ግን ገና ያልተገኘ ጠባይ ቢኖር፣ ተመራማሪው በየት በኩል መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ ለማወቅ ይችላል። የኬሚስትሪው ሊቅ ሜንዴሌዬቭ በሠንጠረዡ ውስጥ ባዶ ቦታ ትቶ ገና ያልተገኙትን ንጥረ ነገሮች እንደተነበየ ሁሉ፣ ቫቪሎቭም ለዕፅዋት እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ዘረጋላቸው።

ቫቪሎቭ ይህ ሕግ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ ያምን ነበር። ከእርሱ ሞት በኋላ የተገኘ አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አክሶሎትል የሚባለው የሜክሲኮ የውኃ እንስሳ በ1860ዎቹ ወደ ፓሪስ ተወስዶ ከተራባ ወዲህ፣ በቤተ ሙከራም ሆነ በቤት ውስጥ የመስተዋት ገንዳ በዓለም ዙሪያ ይረባል። ተፈጥሯዊ ቀለሙ ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ጥቁር ዓይን ያለው ነጩ ዓይነት ከጥንቱ የፓሪስ እርባታ ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚህኛው ዓይነት የቀለም ሴሎች ከጀርባ ተነሥተው ገላውን ማልበስ ስላልቻሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል እንጂ፣ ጥቁር ቀለም መሥራት አቅቶት አይደለም። ጥቁር ቀለም ፈጽሞ የማይሠራው፣ ዓይኑ ጭምር የፈዘዘው ወርቃማ ዓይነት ግን የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በ1962 ሩፈስ ሐምፍሪ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ አክሶሎትልን ከሥጋ ዘመዱ ከነብርማው ሳላማንደር ጋር አዳቅሎ ጠባዩን አስገባለት። በሁለቱ እንስሳት ላይ የሚሠራው ዘረመል አንድ ዓይነት ነው፤ በአይጥም በሰውም ላይ ነጣትን የሚያስከትለው የዚሁ ዘረመል መሰናከል ነው። ዛሬ የጌጥ አክሶሎትል የሚያረቡ ሰዎች የትኛው ጥንድ ምን ዓይነት ግልገል እንደሚሰጥ አስቀድመው የሚያሰሉት በሜንዴል ሒሳብ ሲሆን፣ ዘመድ ከዘመድ የቀለም ተርታን እንደሚጋራ ደግሞ ያመለከተው የቫቪሎቭ ሕግ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ

ቫቪሎቭ ከ1920 በኋላ በፔትሮግራድ፣ በኋላም ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የአገሪቱን የዕፅዋት ምርምር ድርጅት እንዲመራ ተሾመ። ድርጅቱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ታላላቅ የዘር ማከማቻዎች አንዱ አደረገው። እርሱ ራሱ ከጽሕፈት ቤት ይልቅ መንገድ የሚቀናው፣ ጥቂት ተኝቶ ብዙ የሚሠራ ሰው ነበርና፣ አሜሪካን፣ አፍጋኒስታንን፣ የሜዲትራንያንን ዳርቻ ዞረ። በ1926 ባሳተመው የታወቀ ሥራው፣ የእርሻ ዕፅዋት ልዩነት በዓለም ላይ እኩል እንዳልተዘራ፣ ይልቁንም በጥቂት ተራራማ ማዕከሎች እንደተከማቸ አስረዳ። ከእነዚህ ማዕከሎች አንዱ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን ሲጽፍ አገሪቱን ገና አላያትም፤ ሊያያት ግን ቆርጧል።

በ1926 ማለቂያ ከጅቡቲ ተነሥቶ በምድር ባቡር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፣ በ1919 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ፊት ቀረበ። አልጋ ወራሹ የጉዞ ፈቃድ ሰጡት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም በብርቱ ጠየቁት። ከዚያ በኋላ የበቅሎ ጓዝ አደራጅቶ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጣና ሐይቅ፣ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ አክሱም ዘልቆ፣ በሚያዝያ ወር 1927 ከኤርትራ ደረሰ።

የመንገዱ አድካሚነት የታወቀ ነው፤ ቫቪሎቭ ግን ዓይኑን ከማሳው ላይ አላነሣም። በየአውድማውና በየገበያው እየቆመ ዛላ ይሰበስብ፣ ፍሬ ይዘግን፣ ከረጢት ይሞላ ነበር። በዚያም ላይ ያየው ነገር ከጠበቀው በላይ ሆነበት። በሌላ አገር አንድ ማሳ አንድ ዓይነት ስንዴ ሲይዝ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ግን ነጩን፣ ቀዩን፣ ቡናማውንና ሐምራዊውን አደባልቆ የያዘ ነበር። ጥቁር ለመምሰል የቀረበው ይህ ሐምራዊ ስንዴ በተለይ አስደነቀው፤ በዞረባቸው አገሮች እንዲህ ያለ ፍሬ አላጋጠመውምና የኢትዮጵያ ልዩ ሀብት መሆኑን መዘገበ። የገብሱም ቀለም ከነጭ እስከ ጥቁር፣ ከጥቁር እስከ ሐምራዊ ይደርስ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘው ግን ሌላ ግኝት ነው። ዱረም የሚባለው የመኮረኒ ስንዴ ዛላው ጢማም እንደሆነ ይታወቃል። በሕጉ መሠረት ግን፣ የዳቦው ስንዴ ጢም የሌለው ዓይነት ስላለው፣ ዱረሙም ሊኖረው ይገባ ነበር። ቫቪሎቭ በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ የቆየውን ይህን ቦታ የሚሞላ ጢም የለሽ ዱረም በኢትዮጵያ ማሳ ውስጥ ቆሞ አገኘው። ሊቁ በሳራቶቭ በወረቀት ላይ የተነበየው በኢትዮጵያዊ ገበሬ እጅ ሲዘራና ሲታጨድ የኖረ ነገር ነበር። በ1931 ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ራሱን የቻለ ጥናት አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ እርማት ማስገባት ያስፈልጋል። ቫቪሎቭ ልዩነት የበዛበት ቦታ የትውልድ ቦታ ነው ብሎ ያስብ ስለነበር፣ ኢትዮጵያን የዱረም ስንዴ መነሻ አድርጎ ቆጥሯት ነበር። ከእርሱ በኋላ የተደረገው ምርምር ግን ስንዴና ገብስ በመጀመሪያ የለሙት በቅርብ ምሥራቅ እንደሆነ፣ ወደ ኢትዮጵያም ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት እንደገቡ አስረድቷል። እርማቱ የቫቪሎቭን ክብር አይቀንስም፤ የገበሬውን ክብር ግን ከፍ ያደርገዋል። ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትን ከዱር አውጥቶ ያለማው የአገሩ ሰው፣ ከውጭ የመጣውንም እህል ተቀብሎ በየተራራው፣ በየአፈሩና በየአየሩ ጠባይ እንደ አዲስ አብዝቶታልና።

የቀለሙ ምሥጢር

ሐምራዊው ስንዴ ከቫቪሎቭ ሞት በኋላም ተመራማሪዎችን ማነጋገሩን አላቆመም። ቀለሙ አንቶሲያኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ የሚገኘውም በፍሬው ውጫዊ ልባስ ላይ ነው። ይህ ልባስ የእናቲቱ ተክል አካል እንጂ የልጅቱ አይደለም። በመሆኑም የነጭ ስንዴ አበባ በሐምራዊ ስንዴ የአበባ ዱቄት ቢዳቀል፣ በዚያው መከር የሚገኘው ፍሬ እንደ እናቱ ነጭ ይሆናል፤ ቀለሙ የሚገለጠው ያ ፍሬ ተዘርቶ፣ አድጎ፣ በተራው ሲያፈራ ነው። ይህን ያላወቀ አዳቃይ ድካሙ ከንቱ የቀረ መስሎት ዘሩን ሊጥለው ይችላል።

የውርሱ መጠን ሲቆጠር ደግሞ የቤትሰን አተር ታሪክ ተደግሞ ተገኘ። ሐምራዊው ቀለም የሚወጣው ሁለት ዘረመሎች ሲተባበሩ ነው፤ ከ16ቱ የልጅ ልጆች 9ኙ ሐምራዊ፣ 7ቱ ሐምራዊ ያልሆኑ ይሆናሉ። ከሁለቱ ዘረመሎች አንዱ በስንዴው 2ኛ፣ ሌላው በ7ኛ የክሮሞሶም ምድብ ላይ ይገኛል። ገብስ ሲመረመርም ሐምራዊ ቀለሙን የሚያዙት ዘረመሎች በ2ኛውና በ7ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ በተመሳሳይ ተርታ ተቀምጠው ተገኙ። ቫቪሎቭ ዘረመል ከምን እንደተሠራ እንኳ ሳይታወቅ፣ በዓይኑ የቀለም ተርታ ብቻ ተመርቶ የደረሰበት ሕግ፣ በሞለኪውል ደረጃ እውነትነቱ የተረጋገጠለት እንዲህ ባሉ ማስረጃዎች ነው። ከኢትዮጵያ የተወሰደው የሐምራዊ ስንዴ ጠባይ በኒው ዚላንድና በካናዳ ወደ ዳቦ ስንዴ ተዛውሮ ለገበያ የሚቀርብ ዳቦ ሆኗል።

መከራና ሞት

ቫቪሎቭ በ1929 የአገሪቱ የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የእርሻ ባለሙያ ብቅ አለ። ሊሴንኮ የሜንዴልን ሕግ የሚክድ፣ ዕፅዋትን በብርድና በእንክብካቤ ብቻ ፈጥኖ መለወጥ ይቻላል የሚል፣ በጥቂት ወራት ታላቅ መከር የሚሰጥ ተስፋ የሚያቀርብ ሰው ነበር። ቫቪሎቭ በመጀመሪያ ወጣቱን ደግፎት እንደነበር መሸሸግ አይገባም፤ ከማንም ሰው ሥራ ጠቃሚ ነገር ለማግኘት የሚጥር ነበርና። የማያዳግም የምርት ዕድገት በችኮላ የሚሻው መንግሥት ግን፣ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ ከሚለው ሳይንቲስት ይልቅ፣ በአጭር ጊዜ አደርሳለሁ የሚለውን መረጠ። ቫቪሎቭ በ1935 ከፕሬዚዳንትነቱ ተነሣ፤ በ1938 ሊሴንኮ ሥልጣኑን ያዘ። በ1939 በኤድንበራ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባዔ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ ቢመርጠውም፣ ከአገሩ እንዳይወጣ ስለተከለከለ ወንበሩ ባዶ ቀረ።

ከሚያምንበት ነገር ፈቀቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ነፍሱን ማትረፍ ይችል ይሆናል። አላደረገውም። በነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲሰበስብ ተይዞ ተወሰደ። ባልደረቦቹ ትቶት የሄደውን ከረጢት ሲፈቱ፣ በዚያው ዕለት የሰበሰበውን ጥንታዊ የስንዴ ዘመድ አገኙበት። በስለላና እርሻን በማበላሸት ተወንጅሎ በሐምሌ ወር 1941 ሞት ተፈረደበት፤ አረጋዊ መምህሩ ፕሪያኒሽኒኮቭ ሳይፈሩ አማለዱለት፤ በ1942ም ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። በእስር ቤትም ሳለ ለአብረውት እስረኞች ከመቶ ሰዓት የሚበልጥ የሳይንስ ትምህርት ሰጣቸው። በጥር 26 ቀን 1943፣ በ55 ዓመት ዕድሜው፣ በረሃብ መንምኖ በእስር ቤት ሆስፒታል አረፈ። የሞተባት ከተማ ሳራቶቭ፣ ከ23 ዓመታት በፊት ሕጉን ለዓለም ያበሠረባት ያችው ሳራቶቭ ነበረች። ስሙ የታደሰው በ1955 ነው።

የተረፈው ዘር

ጌታቸው በእስር ቤት ሲማቅቅ፣ የሌኒንግራድ የዘር ማከማቻ ሠራተኞች ሌላ ፈተና ላይ ነበሩ። ከተማይቱ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 በጀርመን ጦር ተከብባ፣ ሕዝቧ በጠኔ ይረግፍ ነበር። በማከማቻው ውስጥ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ከኢትዮጵያም ደጋ የመጣ እህል በየከረጢቱ ሞልቷል። ከጠባቂዎቹ በርካታዎቹ ከዘሩ ሳይቀምሱ በረሃብ ሞቱ። ከእነርሱም መካከል የሩዝ ተመራማሪው ዲሚትሪ ኢቫኖቭና የኦቾሎኒው ተመራማሪ አሌክሳንደር ሽቹኪን ይገኛሉ። ሕዝብን ከረሃብ ለማዳን የተነሣው ሰው በረሃብ ሲሞት፣ ደቀ መዛሙርቱም ለነገው ትውልድ ሲሉ የዛሬውን እንጀራ ተዉ።

ቫቪሎቭ በበቅሎ በዞረው ምድር፣ በ1976 የዕፅዋት የዘር ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መጠበቅ አለበት የሚለውን አሠራር በማስፋፋት በዓለም ዘንድ ታወቁ፤ በ1989ም ትክክለኛ ኑሮ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተከበሩ። ይህ አሠራር የቫቪሎቭን ሥራ የሚያሟላ ነው። በክፍል ውስጥ የተቀመጠ ዘር እንደነበረ ይቆያል፤ በማሳ ላይ ያለው ግን ከድርቁ፣ ከዋጉና ከውርጩ ጋር እየታገለ ይለወጣል።

አክሶሎትል እንኳ ለዚህ ምስክር ነው። በዓለም ዙሪያ በየመስተዋቱ ገንዳ በነጭ፣ በወርቃማና በጥቁር ቀለም እየተራባ ሲበዛ፣ በትውልድ ቦታው በሶቺሚልኮ ቦዮች ግን ለመጥፋት ተቃርቧል። ሰው የወደደውን ቀለም መርጦ ማብዛት ያውቅበታል፤ የቀለሞቹ ሁሉ ምንጭ የሆነውን መጠበቅ ግን ይዘነጋዋል። ሐምራዊውም ስንዴ ቢሆን በባዕድ አገር ዳቦ ሆኖ ሲከብር፣ በራሱ ደጋ ላይ አንድ ወጥ በሆነ የተሻሻለ ዘር እየተተካ ከማሳው ቢጠፋ፣ ጉዳቱ የአንድ ቀለም ጉዳት ብቻ አይሆንም። ከቀለሙ ጋር አብሮ የሚወረስ፣ ገና በማንም ያልተመረመረ ብዙ ጠባይ አብሮት ይሄዳልና።

በልደታ ወፍጮ ቤት ደጃፍ በየፊናው የተቀመጡት ነጭ፣ ቀይና ሠርገኛ እህሎች፣ ቫቪሎቭ ሕይወቱን የሰጠለት መጽሐፍ ገጾች ናቸው። መጽሐፉን የጻፈው ገበሬው ነው፤ ቫቪሎቭ ማንበብ አስተማረ፤ ገጾቹ ሳይቀደዱ ለቀጣዩ አንባቢ እንዲደርሱ መጠበቅ ደግሞ የሙያው ባልደረቦች ሁሉ አደራ ነው።